ለፀጉር ሠሪ እጅ የሚሆን የሞቀ ሰም

ማክሰኞ፣ ኅዳር መጨረሻ

ጾመ ነቢያት ገብቷል። ሠርግ የለም፣ ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል። አራት ኪሎ ያለችው የፀጉር ቤታችን ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጥር ከገባ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣትም አይኖርም። ስለዚህ ስናወራው የከረምነውን ነገር አሁን እንሠራዋለን። ለእጃችን የሚሆን የሰም መንከሪያ።

የፀጉር ሥራ እጅ ይበላል። ሹሩባ የምትሠራው ልጅ ቀኑን ሙሉ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ ቆንጥጣ ነው የምትውለው። ማታ የአውራ ጣቷ ሥር ይጠዘጥዛታል፣ ጠዋት ደግሞ ጣቶቿ ቶሎ አይታጠፉላትም። ፀጉር የምታጥበው እጇ ከውኃ አይወጣም። ሻምፖው ደግሞ የደንበኛዋን ወዝ ብቻ መርጦ አያጥብም፣ የእሷንም ይዞ ይሄዳል። በዚያ ላይ የዚህ ወቅት ደረቅ ብርድ አለ። እኔን የሚይዘኝ ፔስትራ ነው። ብሩሹን እየጠመዘዝኩ ስውል የእጄ አንጓ ይደርቃል።

ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት ደንበኛችን ናት። ፊዚዮቴራፒስት ናት። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ቁጭ ብላ የልጆቹን እጅ ስታይ ቆየችና፣ «እኛ ጋ ቁርጥማት ያለበትን እጅ ፓራፊን የሚባል የቀለጠ ሰም ውስጥ እንነክራለን፣ እናንተ ለምን አትሞክሩትም?» አለች። ቁርጥማት ያድናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አያድንም አለችኝ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ እንደሚለው፣ ሩማቶይድ አርትራይትስ (መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ የቁርጥማት ዓይነት) ላለበት እጅ የሰም ንክር ከጣት እንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ለአጭር ጊዜ ይረዳል። «ለአጭር ጊዜ» የሚለውን ሁለቴ ነው ያለችው። ተስፋ ሳታበዛ ስለነገረችኝ ወደድኩላት።

ሐሙስ

ሰም ፍለጋ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ሱቆች ተበታትነዋል፣ ስለዚህ በቀጥታ መርካቶ ወረድኩ። ሻማ የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ፓራፊን በጆንያ ይመጣል። ጆንያው ላይ 58/60 የሚል ቁጥር አለ። ሰሙ የሚቀልጥበት ሙቀት ነው፣ በሴንቲግሬድ። ለሻማ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አይጎብጥም። ለእጅ ግን ይበዛል። ለመፈተሻ ትንሽ ቆርሶ ሸጠልኝ።

ከዚያ ወደ ተክለ ሃይማኖት። የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀለም ያልገባበት ፓራፊን በጡብ በጡብ ተቆርጦ አገኘሁ። ማቅለጫው 52 ነው። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ሊኩዊድ ፓራፊን ገዛሁ፣ ያው ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን። ሰሙን ያለሰልሰዋል፣ የሚቀልጥበትንም ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል።

ቤታችን ውስጥ የፀጉር መንቀያ ሰም ማሞቂያ አለ። ልጆቹ በሱ እንሥራ አሉ። ዕቃው ትንሽ ነው፣ እጅ አያስገባም። ውስጡ ያለው ሰምም ሙጫ ያለበት ሌላ ነገር ነው። የተሠራው ፀጉር ይዞ እንዲነቀል ነው፣ እጅ ከነከርንበት ማን ያላቅቀናል?

ዓርብ

ቴርሞሜትር ከጎረቤት ኬክ ቤት ተዋስኩ። የስኳር ሽሮፕ የሚለኩበት ነው። ከመጠቀሜ በፊት ላረጋግጠው ብዬ የፈላ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። 92 አለ። የኬክ ቤቱ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበርና ደነገጠ። «ተበላሽቷል! ውኃ በመቶ አይደል የሚፈላው?» አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ውኃ እዚህ ገና 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በረዶ የገባበት ውኃ ውስጥ ስንከተው ደግሞ ዜሮ ላይ ቆመ። ልጁ ቴርሞሜትሩን ይዞ ወጥቶ ለባልደረቦቹ ሲያስረዳ ሰማሁት፣ ከእኔ በተሻለ ነው ያስረዳቸው።

ይህ ለኛ ጥሩ ዜና ነው። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ከ200 ዲግሪ ገደማ በላይ ከሄደ ትነቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። በእሳት የተያያዘ ሰም ላይ ደግሞ ውኃ ከተደፋ ይፈነዳል። እሳቱ የሚጠፋው ክዳን ገጥሞ አየር በመከልከል ነው። ስለዚህ ትልቅ ድስት ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ የሰሙ ድስት። ውኃው ምንም ቢፈላ ከ92 አያልፍም፣ ሰሙም ከዚያ በላይ አይሄድም። ብቻ ውኃው እንዳያልቅ መጠበቅ ነው።

ማታ፣ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ

ሁለቱን ሰሞች ለየብቻ በኩባያ አቅልጬ ሲቀዘቅዙ ለካሁ። ሹሩባ ሠሪዋ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ።

የሻማው ከ75 በፍጥነት ወረደ። 59 ላይ ሲደርስ ቆመ። ደቂቃ አለፈ፣ 59። ሌላ ደቂቃ፣ አሁንም 59። ልጅቷ «ተኝቷል እንዴ?» አለች። አልተኛም፣ እየረጋ ነው። ሰም ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፣ ለቆ እስኪጨርስ ሙቀቱ አይወርድም። አንድ ኪሎ ፓራፊን ሲረጋ የሚለቀው 200 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ያን ያህል ለመልቀቅ 48 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። ሐኪሞች ሰም የመረጡት ለዚህ ነው። የሞቀ ፎጣ በአምስት ደቂቃ ይበርዳል፣ እጅ ላይ የረጋ ሰም ግን ቶሎ አይበርድም።

የተክለ ሃይማኖቱ 52 ላይ ቆመ። ስድስት እጅ ሰም ላይ አንድ እጅ ሊኩዊድ ፓራፊን ስንጨምርበት 49 ላይ ወረደ። የምንፈልገው ይህን ነው። የሚነከርበት ሙቀት ከ52 እስከ 54 ነው፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ መሆን አለበት። የሻማው ሰም በዚያ ሙቀት ድንጋይ ነው። ለገና መብራት ሲሄድ ሻማ እናደርገዋለን።

ቅዳሜ ጠዋት

ልጆቹ ፈሩ። ልክም ናቸው። 54 ዲግሪ ውኃ ውስጥ እጅ ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ይላጣል። ሰም ለምን አያቃጥልም? ሁለት ምክንያት አለው። ሰም በዚያው ሙቀት ከውኃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚይዘው፣ ያለውንም ቀስ ብሎ ነው የሚያስተላልፈው። ደግሞ ቆዳ እንደነካ ይረጋል። የረጋው ስስ ሽፋን ከኋላው የሚመጣውን ትኩስ ሰም ይመክታል። ይህ የሚሆነው ግን ሙቀቱ ከተባለው ካላለፈ ነው። 60 ላይ ማንም አይመክትም።

ሦስት ኪሎ ሰም ጠባብና ረጅም የብረት ድስት ውስጥ ቀለጠ። 80 ደርሶ ነበር፣ ከምድጃው አወረድነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። በጣም ረጅም መጠበቅ ነው፣ ሁለት ፀጉር ተሠርቶ ያልቃል። የድስቱ ጠርዝ ላይ ስስ ቆዳ መያዝ ሲጀምር ቀረብን። ቴርሞሜትሩ 53 አለ። እሱን አምኜም በአንድ ጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት።

መጀመሪያ የገባው የኔ እጅ ነው። ቀለበት ወለቀ፣ እጅ በሳሙና ታጠበ፣ በደንብ ደረቀ። እርጥብ እጅ ላይ ያለ የውኃ ጠብታ ሰሙ ሥር ገብቶ ስለሚያቃጥል መድረቁ ዋናው ነው። ጣቶቼን ትንሽ ከፈት አድርጌ እስከ አንጓው ነከርኩና አወጣሁ።

የእጄ አንጓ ላይ ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ከዚያ ጠፋ። ሰሙ ሲወጣ ብርጭቆ የመሰለ ጥርት ያለ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ትንፋሽ እስኪወሰድ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። የጣቴ መስመሮች አንድ በአንድ ተሸፈኑ። ሁለተኛው ንክር ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከፍ ካለ ትኩሱ ሰም በሽፋኑና በቆዳው መካከል ሾልኮ ይገባል። ጣት ማንቀሳቀስም አይቻልም፣ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ እንደዚያው ነው። እንዲህ እየነከርኩ እያወጣሁ እስከ ስምንተኛው ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ወፍራም ነጭ ጓንት ሆነ። ከላዩ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ላይ ፎጣ። ሃያ ደቂቃ።

በዚህ ሃያ ደቂቃ ስልክ መንካት አይቻልም። ለልጆቹ ከሙቀቱ ይልቅ የከበዳቸው ይህ ነው።

ሲወጣ እንደ ጓንት ተገልብጦ ይወልቃል። ውስጡ የጥፍሬ ጠርዝ፣ የቀለበቴ ቦታ፣ አንዲት የድሮ የመቀስ ጠባሳ ሳይቀር ታትሟል። እጄ ቀልቷል፣ ላብ ላብ ብሎታል፣ አውራ ጣቴ ያለ ጣጣ ዞረ። ፊዚዮቴራፒስቷ የነገረችን ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወለቀው ሰም ገና ለብ ያለ ነውና እሱኑ ጨብጦ መጭመቅ። ከዚያ ጡጫ መጨበጥ፣ መዘርጋት፣ አውራ ጣትን በየተራ ከአራቱ ጣቶች ጫፍ ጋር ማገናኘት። ሙቀት ጅማቱንና የመገጣጠሚያውን ከረጢት ያላላዋል። በላላበት ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ተመልሶ ይይዛል፣ ሃያው ደቂቃ ዕረፍት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሹሩባ ሠሪዋ ቀጥላ ነከረች። ጨርሳ ጡጫዋን ስትጨብጥ ፊቷን እያየሁ ነበር። «ማታ ድረስ ይቆይልኛል?» አለች። እናያለን አልኳት።

ቅዳሜ ማታ

አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሹሩባ ሠራች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውራ ጣቷ ተመለሰ። እሷ ራሷ ግን የተሻለ ሐሳብ አመጣች። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንንከር እንጂ ቀን ላይ ለምን? ጣቷ የሚደርቀው ጠዋት ነው።

ሰኞ

ፀጉር የምታጥበውን አልነከርናትም። አኩርፋለች። ግን የጣቶቿ አንጓ ላይ ያለው ስንጥቅ ተከፍቷል፣ አንዱ ይደማል። ክፍት ቁስል፣ ሽፍታ፣ የሚያመረቅዝ ነገር ያለበት እጅ ሰም ውስጥ አይገባም። ቀልቶና አብጦ የሚያቃጥል መገጣጠሚያም እንዲሁ፣ ሙቀት ያባብሰዋል። ከሁላችንም በላይ የተጎዳው የሷ እጅ ሆኖ የማይነከረውም የሷ መሆኑ ይከብዳል።

ለሷ ያደረግነው ሌላ ነው። ስታጥብ ጓንት፣ ከጓንቱ ሥር ስስ የጥጥ ጓንት። ላብ ራሱ ስንጥቁን ያባብሳልና የጥጡ እርጥበት ሲሰማት ትቀይራለች። ማታ ቫዝሊን ወፈር አድርጋ ትቀባና በጥጥ ጓንት ትተኛለች። ቫዝሊን ውኃ አይጨምርም፣ ቆዳው ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይተን ይዘጋል። ሰሙም ለደረቀ ቆዳ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ተሸፍኖ ላብ ይይዛል፣ ቆዳው ይረጥባል፣ ይለሰልሳል። ሰሙ ከተነሳ በኋላ ቅባት ካልተከተለ ግን ያ ልስላሴ ሳይቆይ ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ የኛ ሕግ ይህ ነው፣ ሰም ወልቆ እጁ ሳይቀዘቅዝ ቅባት።

ረቡዕ

የሰፈር ወሬ ፈጥኖ ይደርሳል። እማማ መጡ። በየሁለት ሳምንቱ ፀጉራቸውን የሚታጠቡ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው፣ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ጎብጠዋል። «እኔንም ንከሪኝ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

ስኳር አለባቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ ስለዚህ አስጠንቅቃኛለች። ስኳር የቆየበት ሰው እጁ ሙቀት ላይሰማው ይችላል፣ እየተቃጠለም ዝም ሊል ይችላል። ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣን። አንዱ ለብ ያለ ውኃ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ዓይናቸውን አስጨፍኜ እያቀያየርኩ ጣታቸውን አስነካሁ። «ይሄኛውስ እማማ?» «ሙቅ ነው።» ቀዝቃዛው ነበር። ደገምን፣ ተደባለቀባቸው።

«እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ልጄ፣ ሙቀት ለማን ይከፋል?»

ጠርሙሶቹን ዓይናቸውን ገልጠው እንዲያዩ አደረግኩ። ዝም ብለው አዩና «እንግዲህ ለሐኪሜ እነግረዋለሁ» አሉ። መንገር ያለባቸው ይህን ነው፣ የሰሙን ነገር ሳይሆን የጣታቸውን መደንዘዝ። ቡና አፍልተን አስቀመጥናቸው።

ዓርብ

መብራት ሄደ። ሰሙ ቀልጦ፣ እኛ ተሰልፈን። ድስቱን በጋቢ ጠቀለልነው። ያ ዓርብ ማታ የለካነው ነገር እዚህ ላይ ጠቀመን። 49 ላይ ሲደርስ ሰሙ ከዳር መርጋት ይጀምራል፣ መሃሉ ግን ለብዙ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። አንድ ሁለት ሰው ተነከረ። የመጨረሻዋ ወፍራም ወፍራም ሆኖባታል፣ ሙቀቱ ግን አልቀነሰም አለች።

የሳምንቱ መጨረሻ፣ ስለ ቅባቱ

ቅባቱን ከውጭ ከምንገዛ እዚሁ እንሥራው ብለን ሰፈፍ አመጣን። ጠጅ ሲጣል ማሩ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ የማሩ እንጀራ ከላይ ይንሳፈፋል። ጠጅ ቤቶች ያንን አውጥተው ይሸጡታል። የሀገራችን የንብ ሰም ብዙው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። የገዛነው ጥቁርና ጠጅ ጠጅ የሚሸት ነበር። ሙቅ ውኃ ውስጥ አቅልጠን በቀጭን ጨርቅ አጠለልነው። ሰሙ ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ተንሳፍፎ ረጋ። ታቹ ላይ የቀረውን ቆሻሻ በቢላ ፋቅን፣ ደገምነው። ሁለተኛው ላይ ቢጫ ሆነ።

በንብ ሰም ለምን አትነክሩም ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ነው፣ ስለዚህ ብቻውን ለእጅ አይሆንም። ለቅባት ግን ከሱ የሚሻል የለም። አንድ እጅ የንብ ሰም፣ አራት እጅ ዘይት። ኑግ ዘይት ሞከርን፣ ቆዳ ላይ ጥሩ ነው ግን ቶሎ ይበላሻል። የወይራ ዘይት ላይ ቆመናል። ሲረጋ ጥፍር የሚቀበል፣ እጅ ላይ ሲታሽ የሚቀልጥ ሆነ። ሽቶ አልጨመርንበትም። የተሰነጠቀ እጅ ሽቶ አይወድም።

ታኅሣሥ አጋማሽ

አጣቢያችን ስንጥቋ ገጠመ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነከረች። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት፣ በደስታ።

ሹሩባ ሠሪዋ ጠዋት ጠዋት ትነክራለች። የአውራ ጣቷ ሕመም አልጠፋም። ጠዋት ግን ጣቶቿ ቶሎ ይታጠፋሉ፣ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ሳትነጫነጭ ትቀበላለች። ከሰዓት በኋላ ላለው ሕመም ያገዛት ሌላ ነገር ነው። ወንበሩን ከፍ አድርገን ክንዷ እንዲያርፍ አደረግን፣ በሁለት ደንበኛ መካከልም እጇን ታሳርፋለች። ይህን ለማሰብ ሰም አያስፈልግም ነበር፣ ያሰብነው ግን ስለ እጅ ማውራት ከጀመርን በኋላ ነው።

ገና ሊደርስ ሲል

ደንበኞች በክፍያ ይፈልጉታል። እዚህ ላይ ቆም ብያለሁ። ከኛ ሰዎች እጅ የወለቀ ሰም ወደ ድስቱ ተመልሶ አያውቅም፣ ይጣላል። ያም ሆኖ አንድ ድስት ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ እጁን ሲያስገባ ማየት አልፈልግም። ፊዚዮቴራፒስቷ መውጫ ነገረችኝ። በጭልፋ ሰሙን ፌስታል ውስጥ ማፍሰስ፣ ሙቀቱን መለካት፣ ደንበኛዋ እጇን እዚያ ውስጥ አስገብታ ከላይ በቀስታ ማሸት። ሰሙ ሌላ ሰው ሳይነካው ከነፌስታሉ ይወድቃል። ሞከርነው፣ ይሠራል። ሽፋኑ እኩል አይወጣም፣ ሙቀቱ ግን በቂ ነው። ሰም ግን ብዙ ይበላል።

ልጆቹ የቀለጠ ሰም መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንዳይደፉ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቧንቧ ውስጥ ከረጋ የሚያወጣው ቧንቧ ሠሪ ብቻ ነው። ሌላ ወረቀት ደግሞ ለደንበኞች፣ ቁስል፣ ሽፍታ፣ ስኳር፣ የደነዘዘ እጅ ያላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን የሚል። የኬክ ቤቱን ቴርሞሜትር መልሰን የራሳችንን ገዝተናል። ጥር እስኪያልፍ ድስቱ ለሠራተኞች ብቻ ነው፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። የደንበኞቹን በየካቲት፣ በጭልፋ እንጀምራለን።